በጣት የተነገረ ቁጥር

አቃቂ፣ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእምነት፣

አዲሱ ዓመት ጤና የምታገኚበት፣ ሥራሽ የሚቃናበት፣ ክፉ የማትሰሚበት ይሁንልሽ። እኛ ደህና ነን፣ ክብር ለእሱ ይሁን፣ ከጆሮዬ በስተቀር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መቶ ሃያ የሽመና መኪና ሲጮህበት የኖረ ጆሮ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅበታል? ባለፈው ስትደውዪ እትዬሽ ፈለቀች ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፋልኝ ካወራሽው ሁሉ የያዝኩት "ጋሼ" የምትለዋን ብቻ ነው። እሷንም ስለማውቃት ነው እንጂ ሰምቻት አይደለም። ስለዚህ ካሁን ወዲያ በወረቀት እንጠያየቅ። በስልክ የሚጻፈው ይቅርብኝ፤ ፊደሉ ጉንዳን ያህላል፣ ደግሞ ስነካው ይጠፋል። ፖስታ ቤት ድረስ መሄዱ ለጉልበቴም ደግ ነው።

የእድራችን ጸሐፊ "እምነት ምንህ ናት?" ቢለኝ "የአክስቴ ልጅ ልጅ" አልኩት። "ታዲያ ሩቅ ናት በላ!" አይለኝም? አባቷ ከሞተ ጀምሮ እኔ ቤት አድጋ፣ አሥራ ሁለተኛን እዚሁ የጨረሰች ልጅ እንዴት ብላ ነው ሩቅ የምትሆነው? ተናድጄ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሥራዋስ ምንድን ነው አሉኝ። የማውቀውን ተናገርኩ፤ "ቅዝቃዜ ታጠናለች፣ ዶክተር ናት" አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው! ከዚያን ቀን ጀምሮ ለስላሳ የሚሸጠው ጉዲሳ መግቢያ መውጫ አሳጥቶኛል። ፍሪጁ ይጮሃል እንጂ አያቀዘቅዝም፣ ከሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ጋዝ ተሞልቶለት ሦስት ቀን ሠርቶ ተወው። ባየኝ ቁጥር "ዶክተሯ ምን አለች?" ይለኛል። እባክሽ አንድ ነገር በዪኝና ልገላገል።

የላክሽው የታተመ ጽሑፍ ደርሶኛል። ከርዕሱ ሥር መጀመሪያ ያለው ስም ያንቺ ነው። ሌላው አንድም መስመር አልገባኝም፤ ስምሽን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ለአያናም አሳየሁት። አያናን መቼም አትረሺውም፣ ከእኔ ጋር ሽመና ክፍል የሠራው፣ አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባው፣ በሩን ቆልፎ ሦስት ጊዜ ተመልሶ እጀታውን የሚነቀንቀው። መነጽሩን አድርጎ ገጽ በገጽ ገለጠና "ይሄ ሁሉ ቁጥር ስህተት የለበትም?" አለኝ። "የእምነት እጅ ነው!" አልኩት። እስቲ አንቺው ሥራሽ ምን እንደሆነ ሰው በሚገባው ቋንቋ ጻፊልኝ።

አጎትሽ አምባው


ትሬንቶ፣ ኢጣሊያ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አምባው፣

ከዚህ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜያለሁ፣ የእትዬ ፈለቀችንም ሁለቱን ጉንጮች። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጆሮዎንም ይማርልኝ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ቦታ ቀየሩ።

ትናንት ደግሞ ዕቃ መሸጫ ገብቼ ብሎን መፍቻ ስፈልግ ቃሉ ጠፋኝ። እርስዎ ከሥራ ልብስዎ ኪስ የሚያወጧት ትዝ አለችኝና "ካቻቢቴ" አልኩ። ሻጩ ቅንጣት ሳይገርመው አንሥቶ ሰጠኝ። ለካ እኛ ቤት ጣልያንኛ ይነገር ነበር!

ጉዲሳን ይቅርታ ይጠይቁልኝና ሜካኒክ ይጥራ። ጋሼ፣ እኔ ቀዝቃዛ ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሥራዬ እርሳስና ወረቀት፣ ሲከብድ ኮምፒውተር ነው። ሌላ ከተማ ያሉ ሰዎች በቤተ ሙከራ ውስጥ በሌዘር ብርሃን ጋዝ ያቀዘቅዛሉ። በዓለም ላይ ከዚያ የሚቀዘቅዝ ቦታ የለም፤ ከዋክብት መሀል ያለው ባዶ ቦታ እንኳ ከእሱ ይሞቃል። ጋዙ መቶ ሺህ ያህል አቶም ነው፣ ሁሉም ተሰብስቦ ከጤፍ ፍሬ በብዙ ያንሳል። አቶሞቹ ሲሞቁ እያንዳንዱ በየፊናው ይሮጣል፣ ይጋጫል። እጅግ ሲቀዘቅዙ ግን ይህ ያኛው ነው፣ ያ ይኼኛው ነው ማለት ይቀራል፤ ሁሉም እንደ አንድ ይንቀሳቀሳሉ። ያኔ ያለ ሰበቃ ይፈሳሉ። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ በዘይትና በግራሶ የተዋጉት ሰበቃ እዚያ የለም። እኛ ሱፐርፍሉይድ እንለዋለን።

ይህን ጋዝ ትንሽ ቢነኩት እንደሚተነፍስ ደረት ያብጣል፣ ይቀንሳል። በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያደርገው ይታወቃል። የእኔ ጽሑፍ የሚለው አቶሞቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ያ ቁጥር በጥቂቱ ይለወጣል፣ ይኸውም በዚህን ያህል ነው። "በዚህን ያህል" የምትለዋ ናት የእኔ። እኔ አስቀድሜ አሰላለሁ፣ ረሻድ የሚባል ከባኩ የመጣ የዶክትሬት ተማሪ ደግሞ በመሣሪያው ይለካል።

በሰኔ እዚህ አንድ ቋሚ የሥራ ቦታ ይሰጣል። ለቦታው የቀረነው ሁለት ሰዎች ነን። ፕሮፌሰሬ ለኮሚቴው የሚያቀርቡልኝ ያንን እርስዎ ዘንድ ያለውን ጽሑፍ ነው። ጸልዩልኝ።

ልጅዎ እምነት


አቃቂ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእምነትዬ፣

ጽዮን ማርያም ከፊትሽ ትቅደም፣ ኮሚቴውንም ታለስልስልሽ። ደብዳቤሽ ልቤን ቅቤ አጠጣው። አሁን ገባኝ! ሙሉ በሙሉ ገባኝ አልልሽም፣ ግን ለሰው ለመናገር የሚበቃኝን ያህል ገብቶኛል። ሰበቃ የሌለው ነገር አለ ብዬ ለፈለቀች ስነግራት "ታዲያ አንተ እዚያ ብትቀጠር ምን ትሠራ ነበር?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሰበቃ ባይኖር እኔም ደሞዝ አልነበረኝም።

ለአያናም አነበብኩለት። ማለቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፤ እሱ መልሱን በጣቱ ይሰጠኛል። እኔ ስለደነቆርኩ ብቻ አይደለም። በሽመና አዳራሽ ሰው ቢጮህም አይሰማም፣ ስለዚህ ሁላችንም ከንፈር ማንበብና በጣት መነጋገር እንችል ነበር። ቁጥር እንደሆነ ሁሉም በጣት ነው። እሱና እኔ ይኸው እስከ ዛሬ ካፌ ውስጥ ተቀምጠን ጣታችንን ስናወናጭፍ ሰው ይስቅብናል።

አንቺን ጠይቅልኝ ያለኝ ነገር አለ። "ያ ተማሪ ሲለካ ቁጥሩ ባይገጥምስ? ጥፋቱ የማን ይባላል?" አለኝ። አያና እኮ እንዲህ ነው፤ ሠርግ ቢጠራ እንኳ የሚያስበው ድንኳኑ ቢፈርስ ነው። እኔ እንጃ ብዬ ወሬ ለወጥኩ።

ጉዲሳ ተናዷል። "ፍሪጅ የማይጠግን ዶክተር ምን ይሠራል?" ብሎኛል። አትቀየሚው።

አምባው


ትሬንቶ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አምባው፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጥምቀትን እንዴት ዋላችሁ? እግዚአብሔር ከነቤተሰብዎ ይጠብቅልኝ። ዘግይቼ የጻፍኩት እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

ጋሼ፣ ጽሑፌ ስህተት አለበት። እስካሁን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን ደግሞ እርስዎ።

እንዲህ ነው። አሥር ሰው ሆነን እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ ብንባባል እያንዳንዳችን ዘጠኝ ሰው ስሜያለሁ እንላለን። ተደምሮ ዘጠና ይመስላል። ግን እኔ እርስዎን ስስም እርስዎም እኔን እየሳሙኝ ነው፤ መሳሳሙ አንድ ነው። ስለዚህ አርባ አምስት ነው። እኔ የአቶሞቹን መገፋፋት ስቆጥር አንድ ቦታ ላይ ዘጠና አልኩ። ጥንዶቹን ሁለቴ ቆጠርኳቸው። ጽሑፉን የመረመሩት ሰዎችም አላዩትም። ለውጡ ይህን ያህል ነው ብዬ ያወጣሁት ቁጥር ከእውነተኛው እጥፍ ነው።

የከፋው ይህ አይደለም። ረሻድ በታኅሣሥ ለክቶ ጻፈልኝ፤ ያገኘው የእኔን ግማሽ ነበር። እኔ በራሴ ተማምኜ "መሣሪያህን እንደገና ፈትሽ" ብዬ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ጠዋት ደብተሬን ከፍቼ ስህተቱን ያየሁት። ረሻድ አሁንም እየፈተሸ ነው። "ጥፋቱ ከእኔ ሳይሆን አይቀርም" ይለኛል። አልመለስኩለትም።

ብናገር የሰኔው ቦታ የሚሆንልኝ አይመስለኝም። ምን ላድርግ? እርስዎን ነው የምጠይቀው።

እምነት


አቃቂ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እምነት፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ዝም በዪ። ሰኔ ይለፍ፣ ቦታውን ያዢ፣ ከዚያ በኋላ ቀስ ብለሽ ታስተካክዪዋለሽ። ቁጥር ነው፣ ማን ሞተ? ሰው እንጀራውን ጥሎ ላልጠየቀው ሰው አይናዘዝም። ልጁም ወጣት ነው፣ ይረሳዋል።

ፈለቀች ጥርሷን ታማ ነበር፣ ተነቀለላት።

አምባው


ትሬንቶ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አምባው፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። እትዬ ፈለቀችን እግዜር ይማርሽ ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎን አገላብጬ አየሁት፣ የሌላ ሰው መስሎኝ። ምርቃት የለው፣ "ልጄ" የለው። ደግሞ የእርስዎ ምክር አይደለም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የጓደኛዬን መልስ ገልብጬ መቶ ከመቶ ባመጣ እጄን ይዘው መምህሬ ቤት ድረስ የወሰዱኝ እርስዎ አልነበሩም? በአስፋልቱ ዳር እያለቀስኩ ነው የሄድኩት።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ሳነበው መጀመሪያ ደስ አለኝ። መስማት የምፈልገውን ነው የነገሩኝ። ስለዚህ እንዳሉኝ ዝም ብዬ ከረምኩ። ትናንት ግን ረሻድ ጻፈ። አሥራ አራት ወር የገነባውን መሣሪያ መስታወት በመስታወት ፈታቶታል። እንዲህ ይላል፦ "እጄ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ አይመስለኝም። ክረምቱ ሲወጣ ትምህርቱን ትቼ አገሬ ልገባ አስቤአለሁ።" ቁጥሩ ትክክል ነው ጋሼ! መጀመሪያ የለካው ትክክል ነበር!

አልቆጣም፣ አላኮርፍም። ግን ይንገሩኝ፣ ለምን ዝም በዪ አሉኝ? እርስዎን ምን ነካዎት?

እምነት


አቃቂ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእምነት፣

አምላክ ልብሽን ያሳርፈው። የእኔን አላሳረፈውም፣ አይፈረድበትም። ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት፤ ፈለቀች "ምን ነካህ፣ ደብተሩን ጨረስከው እኮ" አለችኝ።

ነገሩ የ1978 ዓ.ም. ነው፣ አንቺ ሳትወለጂ። ፋብሪካችን ትንሽ ነበር፣ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። እኔ መካኒክ፣ አያና ሸማኔ። ስድስት መኪና ይዞ ከአዳራሹ ሁሉ እጁ የተመሰከረለት እሱ ነበር፤ አዲስ ገቢዎችን እንዲያስተምር ሊሾም ወር ቀርቶት ነበር። የጨርቁን ጥቅጥቅ ማለትና መሳሳት የሚወስነው መኪናው ላይ የሚገጠም አንድ ባለጥርስ ብረት ነው፤ ጥርሱ ሲበዛ ጨርቁ ይሳሳል። ትእዛዝ ሲለወጥ አለቃው የጥርሱን ቁጥር ለእኔ ይሰጠኛል፣ እኔ ከአዳራሹ ማዶ ሆኜ ለአያና በጣቴ አሳየዋለሁ፣ እሱ ከሳጥኑ አውጥቶ ይገጥማል። ደንባችን ነበር።

አንድ ጠዋት ለሁለት ረድፍ ሁለት ቁጥር ተሰጠኝ፣ አርባ ሁለትና አርባ አራት። ለአያና አርባ ሁለትን ማሳየት ሲገባኝ አራት ጣት፣ ከዚያ እንደገና አራት ጣት አሳየሁት። እሱም ያየውን ገጠመ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሳሳ አቡጀዲ ሲሠራ ከረመ። ሲመዘን ጉዱ ወጣ፣ አሥራ አንድ ጥቅል ተመለሰ።

ኮሚቴ ተቀመጠ። "ስንት አሳየኸው?" አሉኝ። ያን ጊዜ ትዝ ብሎኛል እምነት፣ በደንብ ትዝ ብሎኛል። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፣ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። "አርባ ሁለት" አልኩ። አያና ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም። "እንግዲያው እኔ ነኝ አሳስቼ ያየሁት" አለ። ከመኪናው አንሥተው መጋዘን ጥቅል ተሸካሚ አደረጉት። ማስተማሩ ቀረ። ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ሸክም ላይ ነበር።

አንቺ ከተናገርሽ እኔ ራሴን በየትኛው ዓይን አያለሁ ብዬ ፈራሁ። ለዚያ ነው ዝም በዪ ያልኩሽ፣ ለአንቺ ብዬ አይደለም።

ግንቦት 9 ቀን

ይህን ጽፌ ሳልልከው ቀረሁ። ለአንቺ መጻፍና ለእሱ መንገር ለየቅል ነው። ትናንት ሚኒባስ ተሳፍሬ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሁለት ቦታ ላይ ቆሜ አረፍኩ። እውነቱን ለመናገር ጉልበቴ አልነበረም ያቆመኝ።

አያናና ሚስቱ ዳሲቱ ምሳ በልተው ተቀምጠዋል። እኔ ሁልጊዜ የሚመስለኝ እሱ ነገሩን እንደሚያውቅብኝ፣ ስለ ወዳጅነታችን ብሎ እንደተወልኝ ነበር። ስለዚህ ስነግረው ራሱን ነቅንቆ "ተወው" የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ነገርኩት። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን አነሣና አራት ጣት፣ ከዚያ አራት ጣት አሳየኝ። "ይሄን ነው ያሳየኸኝ?" አለኝ፣ ከንፈሩን ነው ያነበብኩት። አዎ አልኩት። እንደገና አሳየኝ። አዎ አልኩት። በሦስተኛው ጣቶቹን አጥፎ እጁን አወረደ።

"ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት" አለ፣ "ዓይኔ የሚያታልለኝ መስሎኝ ኖርኩ። ሌንሳ ሕፃን ሆና ስትታመም መድኃኒቷን ለክቼ ለመስጠት አልደፈርኩም፤ ዳሲቱ ከገበያ እስክትመለስ ልጄ እያለቀሰች ጠበቅኩ።" ከዚያ ወደ በሩ አመለከተኝ። ወጣሁ።

በር ቆልፎ ሦስቴ የሚመለሰው ለዚያ ነው። "ሦስቴ" የሚል ቅጽል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ፋብሪካው ሁሉ ይስቅበት ነበር። ልጄ፣ ሥራ አሳጣሁት ብዬ ነበር የማስበው። እጁንና ዓይኑን ነው ያሳጣሁት።

ያ ረሻድ የምትዪው ልጅ አሁን መሣሪያውን እየፈታ ነው። ዛሬውኑ ጻፊለት። ሰኔን አትጠብቂ። ባይሆንልሽ እኔ ቤት ክፍልሽ አለ፣ አልጋሽም እንደተነጠፈ ነው። ፈጣሪ ብርታት ይስጥሽ፣ አንደበትሽን ይፍታልሽ።

አባትሽ ልሁን ያልኩት አምባው


ትሬንቶ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አምባው፣

እንደምን አሉልኝ? እንዴት ነው የሚበሉት፣ እንዴት ነው የሚውሉት? ደብዳቤዎን ሳነብ አልቅሼአለሁ። ለጋሽ አያናም፣ ለእርስዎም ነው ያለቀስኩት። ተቆጥቼብዎታለሁም፣ አልደብቅዎትም። ግን አራተኛ ፎቅ ወጥተው የነገሩትን ሰውዬ እንደምወደው ይወቁልኝ።

ፖስታው በደረሰኝ ቀን፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ፣ ለረሻድ ጻፍኩለት። ሁለቴ መቁጠሬን፣ ከጥር ጀምሮ ማወቄን፣ ዝም ማለቴን፣ ሁሉንም። ከዚያ ፕሮፌሰሬ ዘንድ ገባሁ። ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አሰሉት፣ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። "ከሰኔ በኋላ ብትነግሪኝ ለአንቺ ይሻል ነበር፣ ለእኔ ግን አይሻልም" አሉኝ። እርማቱን ወደ መጽሔቱ ላክን፤ እርማቱ ላይ የረሻድ ልኬት ትክክል እንደነበር ተጽፏል።

ረሻድ በአምስተኛው ቀን መጣ፣ ባቡር ተሳፍሮ። ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ "ጥር!" አለኝ፣ "ከጥር ጀምሮ!" ብሎ ጮኸብኝ። ጮሆ ሲያበቃ ተቀመጠና ሰሌዳው ላይ እንዳሳየው ጠየቀኝ። አሳየሁት። አሁን መሣሪያውን መልሶ እየገጠመ ነው። ወደ አገሬ እሄዳለሁ ማለቱንም ትቷል። እኔን ግን ገና በስሜ አይጠራኝም።

ቦታው ለሌላው ሰው ሆነ። ፕሮፌሰሬ ለአንድ ዓመት የሚያቆየኝ ሌላ ሥራ ፈልገውልኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። አዝኛለሁ፣ ግን ምግብ ይበላልኛል። ጋሽ አያናስ? እባክዎ ስለ እሱ ይጻፉልኝ።

እምነት


አቃቂ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእምነትዬ፣

የሰጠሽ አምላክ የነሱሽን በእጥፍ ይመልስልሽ። በእድሩ መሀል "ቦታውን ለምን አጣች?" ብለው ሲጠይቁኝ "እውነት ተናግራ" አልኩ። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ጉዲሳ እንኳ ለስላሳ ጋበዘኝ፣ ያውም ቀዝቃዛ።

አያና ከአንድ ወር በላይ አልመጣም። ካፌ ስገባ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ደጁ ሄጄ ዳሲቱ "ገና ነው" ብላ መለሰችኝ። በሰኔ መጨረሻ አንድ ጠዋት ግን እዚህ መጣ። አልተቀመጠም። "ለእኔ መንገርህ አይበቃም" አለኝ፣ "ልጆቼ የሚያውቁት ዓይኑን የማያምን አባት ነው። ለእነሱ ትነግራለህ፣ እኔ ባለሁበት።"

እሑድ ሄድኩ። ሌንሳ ከገላን ኮንዶሚኒየም ሁለት ልጆቿን ይዛ መጥታ ነበር፣ ወንድሟ ሮሪሳም ነበር። ፈለቀች ክንዴን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እሷም ገና የዚያን ሳምንት ነው የነገርኳት። ቆሜ ተናገርኩ። ሁሉንም፣ ቅጽል ስሙ ሳይቀር። ሌንሳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ተነሥታ ወደ እኔ አልመጣችም፣ ወደ አባቷ ሄዳ ሁለቱን እጆቹን ያዘችና አንድ በአንድ ሳመቻቸው። አያና እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እኔም አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። ማንም አባበለኝ አልልሽም፤ ምሳ ግን አቀረቡልን፣ በላን።

የአንቺንና የረሻድን ነገር ለአያና ነግሬዋለሁ፤ ለአንቺ የሚጽፈው አለው። ወረቀቱን ሰጥቼዋለሁ። የሚጽፈውን አላነብበውም፣ በራሱ እጅ ጽፎ አሽጎ ይሰጠኛል።

አምባው


ለዶክተር እምነት፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኔ አያና ነኝ። ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ስህተት ይኖረዋል ብዬ እፈራ ነበር። ይህም ካለበት እለፊኝ።

አጎትሽን ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። አንዳንድ ቀን ይቀለኛል፣ አንዳንድ ቀን ሳየው ደሜ ይፈላል። ግን መጥቶ ተናግሯል፣ ባይናገር ኖሮ እንደዚያው እሞት ነበር።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ያ ተማሪ ነገሩን ካወቀ በኋላ ደህና ሆኗል ብለሽ እንዳትተዪው። እኔ በጆሮዬ ሰምቼ፣ ልጆቼ ሰምተው፣ እጄ ግን ገና አላመነም። ትናንት ለሌንሳ ልጅ የሸሚዝ ቁልፍ ስተክል መርፌውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ስለዚህ ደግመሽ ጻፊለት። ቢቆጣሽም ጻፊለት፣ ባይመልስልሽም ጻፊለት። አቃቂ አንድ የድሮ ሸማኔ አለ፣ ያንተ እጅ ምንም አልሆነም ይልሃል በዪው።

ቁልፉን ተክዬዋለሁ። ቀጥ ብሏል።

አያና